ልብስ ሰፊዋን ያወረደው ወንበር

ልብስ ሰፊዋ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከአራተኛ ፎቅ ወርዳ አታውቅም። ሕንጻው አሳንሰር የለውም። ሥራዋ ግን አልተቋረጠም፤ ጎረቤቱ የጠበበ ያጠረውን ልብስ ይዞላት ይወጣል፣ ሲመለስ ቆሻሻዋን ይዞላት ይወርዳል። የከበዳት ሌላ ነው። ታላቅ እህቷ የምትኖረው እዚያው ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው፤ እሷም ጉልበቷ ደረጃ አልወጣ ብሏታል። እህትማማቾቹ በስልክ ብቻ የሚገናኙ ሆኑ።

ምድር ቤት ያለው አናጺ አንድ ቀን ያስጠገነውን ሱሪ ሊወስድ ሲወጣ ስልክ ላይ አገኛት።

«ማን ይሙት፣ ባሕር ማዶ ብትሆኚ ይሻለኝ ነበር» ትላለች እህቷን። «ቁርጤን አውቄ እቀመጣለሁ።»

አናጺው ሱሪውን ተቀብሎ ወረደ። በሳምንቱ ሜትር ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ እኔ ልለካዎት።»

«ለሳጥን ከሆነ ገና ነኝ።»

«ለወንበር ነው። ተሸክመንዎት እንወርዳለን።»

«እንደ ቁም ሳጥን?»

«ከቁም ሳጥንስ ይቀላሉ።»

ወንበሩን በሁለት ረጃጅም እንጨቶች መሃል ሠራው። መያዣውን እጅ እንዳይወጋ አለሰለሰው፤ መቀመጫው ላይ ሸራ ወጥሮ በሚስማር መታው። ለሙከራ ከሕንጻው ሁሉ ወፍራሙ ዳቦ ጋጋሪው ተቀመጠበት። ጎረቤቶች ተሸክመውት ሲወርዱ የደረጃው መታጠፊያ ላይ እንጨቱ ግድግዳ ነካ፤ አናጺው እዚያው በመጋዝ አሳጠረው። እንደገና ሲያነሱት ሸራው ተቀደደና ጋጋሪው ዘጭ አለ።

ልብስ ሰፊዋ ድምፁን ሰምታ በምርኩዟ በር ላይ ወጥታ ነበር። ሳቋ አልቆም አላት።

«ሸራ በሚስማር ይያዛል እንዴ? አንተ እንጨትህን ያዝ! ያንን ወዲህ በሉት!»

አዲስ ሸራ ደራርባ፣ ዙሪያውን በሰም በታሸ ወፍራም ክር ሰፋችው።

«አሁን ብወድቅም በገዛ ስፌቴ ነው» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ጋጋሪው ከፊት፣ አናጺው ከኋላ ሆነው አነሷት። ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ነርስ እግሯን ደገፈች። ጎረቤታቸው የታክሲ ሹፌር ከታች ሆኖ «ግራ! ቀስ! ና፣ ና፣ በቃ!» እያለ ይጮሃል።

«ይሄ ሰው መኪና የሚያስቆም መስሎታል» አለች፤ ግን የጋጋሪውን ኮሌታ ጨምድዳ ይዛ ነበር።

መንገድ ሲደርሱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አመመዎት?» አለቻት ነርሷ።

«አላመመኝም። ብቻ ሂዱ።»

ታላቅ እህቷ ደጇ ላይ ተቀምጣ ትጠብቅ ነበር። አጠገቧ አስቀመጧት። እንደተቃቀፉ ብዙ ቆዩ። ታላቅየዋ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ አየቻት።

«ከስተሻል።»

«እስቲ ይህንን ለተሸካሚዎቼ ንገሪያቸው!»

ሁለቱም እየሳቁ አለቀሱ። ተሸካሚዎቹ ላባቸውን እየጠረጉ ራቅ ብለው ቆሙ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ትወርዳለች። የሚችል ሁሉ በተራው ይሸከማታል። ባለፈው ወር የጎን ሕንጻ ሰዎች መጥተው ወንበሩን አዩት፤ እነሱም ዘንድ መውረድ ያቃታቸው አንድ አዛውንት አሉ። አናጺው እንጨቱን እየቆረጠላቸው ነው። ሸራው ግን ተሰፍቶ አልቋል።