የግራ እጄ ቋጠሮ

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። እናቴ «ይቺ ልጅ ጥላዋንም ትጠረጥራለች» ትለኛለች። አሰልጣኛችንን ግን አመንኩት፤ ምን ዋጋ አለው! ጋሼ ነበር የምንለው። አባቴ ከሞተ በኋላ እጄን ይዞ ጀልባ ላይ ያወጣኝ፣ ሸራ መዘርጋት ያስተማረኝ እሱ ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ አንቱ ስለው ኖሬያለሁ፤ አሁን ግን አፌ እንቢ ብሏል።

ክለባችን ሐይቁ ዳር ነው፤ ልጆች የሸራ ጀልባ መንዳት ይማሩበታል። የጋሼ አንደኛ ሕግ «ከእጃችሁ ምንም ነገር ውሃ ውስጥ እንዳይገባ» ነው። ጀልባ በሳሙና አናጥብም። የከረሜላ ወረቀት እንኳ የጣለ ልጅ የዚያን ዓመት ውድድር ይርሳው፤ ለእናቱ ልጅም አይምርም።

ከሁሉም የሚብሰው ፍቂያው ነው። የጀልባ ሆድ የሚቀባው ቀለም መርዝ አለበት፤ ዓሣ ይፈጃል። ስለዚህ አሮጌውን ቀለም ስንፍቅ ከሥር ላስቲክ እናነጥፍና ብናኙን ለቃቅመን ጆንያ ውስጥ እንከታለን። እያንዳንዱ ልጅ ጆንያውን ራሱ ቋጥሮ ለጋሼ በእጁ ያስረክባል፤ የገመድ አስተሳሰር ፈተናችንም እሱው ነው። የኔ ቋጠሮ ከሩቅ ይለያል፤ ግራኝ ስለሆንኩ ገመዱ ከሌሎቹ በተቃራኒ ይዞራል። ጋሼ ጆንያዎቹን በሞተር ጀልባው ይጭንና «ማዶ የቆሻሻ መኪና ይጠብቀኛል» ብሎ ይሄዳል።

ውድድሩ ሳምንት ሲቀረው ልምምድ ወጣን። የአንደኛዋን ጀልባ መሪ የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ ለዚያ ቦታ ስንት ዓመት ለፍቻለሁ! ነፋሱ ገፍቶ ገፍቶ ሸንበቆው አጠገብ አደረሰንና ቀጥ አለ። ጋሼ ሁልጊዜ «ድንጋይ አለ፣ አትጠጉ» የሚለን ቦታ ነው። ምን ይደረግ፣ መልህቅ ጣልን። ነፋሱ ሲመለስ ብንስበው አልነቃነቅ አለ።

«ዓሣ ነባሪ ይዘናል!» ብሎ አንዱ ቀለደ።

ተረባርበን ጎተትነው። የወጣው ጆንያ ነው። ድንጋይ ታስሮበታል፤ በቀዳዳው ሰማያዊ የቀለም ብናኝ ይንጠባጠባል። ቋጠሮው የኔ ነው።

ክው አልኩ። ጋሼ በሞተር ጀልባው እየበረረ ደረሰ። ጆንያውን አየ፤ እኔን አየ። ምናለ አንዲት የእውነት ቃል ቢተነፍስ! «መኪናው አልመጣ ብሎኝ ነው» ቢለኝ እንኳ፣ እናቴ ትሙት፣ ይቅር እለው ነበር።

«የማን ቋጠሮ ነው?» አለ ጮክ ብሎ።

ልጆቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ነዎት የወሰዱት» አልኩ።

«እኔ የተረከብኩትን አድርሻለሁ። ሕጉን ታውቂዋለሽ፤ መሪውን ልቀቂ።»

ጉድ እኮ ነው! እውነቱን ልናገር፣ ውድድሩ አይደለም ያንገበገበኝ። ዓይኑን ዓይኔ ላይ ተክሎ መዋሸቱ ነው። ያባት ያህል ያየሁት ሰው፣ የራሱን ጥፋት እኔ ላይ ሲደፈድፍ ሽፋሽፍቱ እንኳ አልተርገበገበም። መሪውን ለቀቅኩለት። ከዚያ መልህቁን አነሳሁና እዚያው ቦታ መልሼ ወረወርኩት።

«ምን እያደረግሽ ነው? በቃ!» ብሎ ጮኸ።

«ጎትቱ» አልኳቸው ልጆቹን።

ሁለተኛው ጆንያ ወጣ። ቋጠሮው እንደ ጫማ ማሰሪያ ሁለት ጆሮ አለው። በክለቡ እንደዚያ የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሚጢጢ የምንላት፣ የሁላችንም ታናሽ። ከጀልባው ጫፍ ሆና አየችው።

«ጋሼ» አለች፣ «እኔንም ከውድድር ሊያስወጡኝ ነው?»

ጋሼ ሞተሩን አስነስቶ ወደ ዳር ሲሄድ፣ እኛ ሦስተኛውን እየጎተትን ነበር።