አጎቴ ያገኛት ወፍ

አጎቴ የድምፅ ጥናት ክፍላችን ኃላፊ ነው። ባልደረቦቹ «ጆሮው» ይሉታል፤ እሱ ሙገሳ መስሎት ይኩራራል። ከረግረጉ ጠፍታለች የተባለችውን ወፍ ድምፅ ቀድቶ መጥቷል፤ ከሰዓት በኋላ ጋዜጠኞች ሰብስቦ መገኘቷን ሊያበስር ነው። ለአጽዳቂው ኮሚቴ ለመላክ የቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው። ትንተናውን የምሠራው እኔ ስለሆንኩ፣ ነገሩ ውሸት ቢሆን የሚበላሸው የእኔ ስም ነው። እሱማ ጡረታው ደርሷል።

ቅጂውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትኩት። እዚያ ድምፅ በምስል ይታያል፤ ጊዜው ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ድምፁ ሲቀጥን ወደ ላይ ይወጣል። እንቁራሪቶቹ ከታች እንደ ጭቃ ተለጥፈዋል። ወፏ ከላያቸው ቀጫጭን ቅስት ሠርታለች። የእኔ ሥራ በማውስ እየጎተትኩ እያንዳንዱን ቅስት ሳጥን ውስጥ ማስገባትና መለካት ነው።

አጎቴ ከኋላዬ ቆሞ ዓይኑን ጨፈነ። ለማያውቀው ሰው ጸሎት ላይ ያለ ይመስላል።

«ሰማሽ? ወንዱ ነው። ሴቷን እየጠራ።»

«ጋሼ፣ ግለጥና እይ።»

የመጀመሪያውን ቅስት ከነሳጥኑ ኮፒ አድርጌ ሁለተኛው ላይ አሳረፍኩት። ልክክ አለ። ሦስተኛውም ላይ ልክክ። ርዝመቱ፣ ከፍታው፣ መሀሉ ላይ ያለችው ስንጥቅ ሳትቀር። ነፍስ ያለው ፍጥረት እንዲህ ራሱን አይደግምም።

«ጎበዝ ወፍ ናት!» አለ።

«ረግረጉ ላይ ስልክህን ከፍተህ ነበር?»

«ታዲያ በምን ልጥራት? እንድትመልስልኝ ድሮ የተቀዳውን የራሷን ድምፅ አጫወትኩላት።»

«መቅጃውስ?»

«እ... በርቶ ነበር መሰለኝ።»

ራሱ ጠርቶ፣ ራሱ አቤት ብሎ፣ ጋዜጠኛ ጠርቷል።

«በይ እንግዲህ፣» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንዱን ሳጥን ሰፋ፣ አንዱን ጠበብ አድርጊው። ልኩ ይለያያል። ማን ያስተውላል? እናትሽ እንኳ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች።»

«እናቴ ወፍ ካማራት ዶሮ ግዛላት።»

«አንቺ ልጅ! እዚህ ያስገባሁሽ እኔ ነኝ እኮ!»

«አስገባኸኝ፤ ሥራውን ግን የምሠራው እኔ ነኝ።»

ሳጥኖቹን በሙሉ መረጥኩ። የዝርያው ስም በሚገባበት ቦታ ላይ «ስልክ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ፈረምኩ።

ትከሻዬን ያዘኝ። «እባክሽ፣ ቢያንስ ‹ያልታወቀ ድምፅ› በይው።»

«ለምን? በደንብ የታወቀ ነው» አልኩና ለኮሚቴው ላክሁት።