ቁልፉን ማን ተጫነው?

የመኪናዬ መስኮት በራሱ ይከፈታል ስላቸው ሰዎች ቀድመው የሚሉኝ “ረስተሽው እንዳይሆን” ነው። እኔ አልረሳም። የዛሬ ሃያ ዓመት ማን ምን እንዳለኝ ቀኑን ከነሰዓቱ ልነግራቸው እችላለሁ።

መኪናዋ ከባሌ የቀረችኝ ናት። አራት መስኮት አላት፣ ሦስቱ ሞተዋል። ባሌ አንዱን በማስቲሽ፣ ሁለቱን በእንጨት ሽብልቅ ዘግቶ “ከእንግዲህ አያስቸግሩም” ብሎ ነበር፤ እውነቱን ነው፣ አላስቸገሩም። የሚሠራው የቀኙ የኋላ ብቻ ነው። እሱም ይኸው መሥራት አበዛ።

ሥራዬ አጠባ ነው። የአንድ ክሊኒክ አንሶላ ቤቴ ወስጄ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ሰኞና ሐሙስ ጠዋት በአራት እስር እመልሳለሁ። መኪናዋን ግቢው ውስጥ አቆምና አንዱን እስር አቅፌ አስገባለሁ፣ ተመልሼ ሌላውን። ከክሊኒኩ ጎን ፎቅ እየተሠራ ስለሆነ የሲሚንቶው ብናኝ እንደ ጉም ነው። አንድ ሰኞ የመጀመሪያውን እስር አስገብቼ ስመለስ የኋላው መስኮት እስከ ታች ወርዷል፤ የቀሩት ሦስት እስሮች ዱቄት ተነስንሶባቸው ቁጭ ብለዋል።

የዘጋሁትን መስኮት ማን ከፈተው? ቆልፌው የሄድኩት በርም ክፍት ነበር። ወዲያው ዋርሳዬ ትዝ አለኝ። የባሌ ወንድም ማለቴ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ መኪናዋን “የወንድሜ መኪና” እያለ ነው የሚጠራት። ባለፈው ለአንድ ቀን ብሎ ወስዶ በዘጠነኛው ቀን መለሳት፤ ውስጧ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁልፉን ጡት መያዣዬ ውስጥ ነው የማኖረው። ከዚያ የሚወጣው መኪና ሳስነሳና ስቆልፍ ብቻ ነው። “ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም” ይሉኛል። ይበሉ። አስመስሎ ሌላ ቁልፍ አስቀርጾ ይሆናል ብዬ ሄጄ አፋጠጥኩት።

“እኔ አይደለሁም” አለኝ። “ወንድሜ ነው። ነፍሱን ይማረውና ሙቀት አይወድም ነበር።”

“ወንድምህ በቁሙ አንድ መስኮት ከፍቶልኝ አያውቅም፤ አሁን ምን ቆርጦት ነው የሚነሳው?”

ሐሙስም ያው ሆነ። በሚቀጥለው ሰኞም ያው። የአንሶላ ክፍሉን የምትመራው ሲስተር፣ ከኔ በዕድሜ የማትበልጥ ግን ሳቅ የምትቆጥብ ሴት ናት፣ ጣቷን እስሩ ላይ አሻሽታ አሳየችኝ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ሲሚንቶ ነው፣ ሲስተር።”

“በሽተኛ ላይ ግድግዳ ልሥራበት?”

እስሩን በነጠላዬ ጫፍ ማራገፍ ጀመርኩ።

“ሐሙስ ንጹሕ ካላመጣሽ ሌላ አጣቢ እፈልጋለሁ። እንዳትቀየሚኝ።”

ከዚያ ክሊኒክ ሌላ ደንበኛ የለኝም። እሱ ከቀረ የልብስ ማስጫ ገመዴ ባዶውን ነው የሚወዛወዘው። ረቡዕ ጠዋት መኪናዋን የመኪና ኤሌክትሪክ ወደሚሠራው ወሰድኳት። ሰፈሩ “ሽቦ” ነው የሚለው፤ ቀጭን ስለሆነም ነው፣ በሥራውም ነው። ቁልፉን መኪናዋ ላይ ሰክቼለት ከፊቱ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። የኋላውን በር ከፍቶ አየና ጠየቀኝ።

“እትዬ፣ ቁልፉን የሚጫን ሰው አለ?”

“ቁልፉን ከኔ ሌላ የሚነካው የለም።”

“ልጅም ሊሆን ይችላል። ወይ ዕቃ ተደግፎት።”

“እሱ የሚውልበት ቦታ ልጅም ዕቃም አይደርስም።”

“የት ነው የሚውለው?”

“ለአንተ የሚነገር ቦታ አይደለም።”

በሩን አየ፣ እኔን አየ። “እትዬ፣ በሩ ላይ እኮ ነው ያለው።”

“በሩ ላይ የምተወው ብሆንማ ዋርሳዬ እስካሁን መኪናዋን ሸጧት ነበር።”

ከዚያ በኋላ ከኔ ጋር ማውራቱን ትቶ ከበሩ ጋር ሆነ። ሽፋኑን ፈታ፣ ሽቦውን አንድ በአንድ እያነሳ አየ፣ ሞተሩን በጨርቅ ጠረገ፣ አንድ ነገር ነቅሎ ሌላ ተካ። ሁለት ሰዓት ሙሉ መስኮቱ ፍንክች አላለም። ሲጨርስ እጁን እየጠረገ “ሾርት አላገኘሁም፤ ለማንኛውም ቁልፉን ቀይሬዋለሁ” አለኝ።

ከጎማው ላይ ዘልዬ ተነሳሁ። “ማን ቀይር አለህ? ባሌ የተወልኝን ቁልፍ!”

የነቀለውን አሳየኝ። የጣት ጫፍ የምታህል ጥቁር ነገር ናት፣ መስኮት ማውረጃዋ። “ይቺን ነው የቀየርኳት።”

“እሷማ ማብሪያ ናት።”

“ቁልፍም ትባላለች፣ እትዬ።”

“በአንተ ቤት” አልኩት። ቁልፌን ነቅዬ ዞር ብዬ ቦታው ከተትኩና ሄድኩ። መስኮቱ ተሠርቷል ብዬ ግን አላመንኩም። ሐኪም ፊት የማይጮህ ጥርስ አለ።

ሐሙስ ክሊኒኩ ግቢ ስደርስ የበሩን ዘበኛ ለመንኳቸው። ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው።

“አባባ፣ ይቺን መስኮት ይጠብቁልኝ። ማንም እንዳይነካት።”

“በር ነው የለመድኩት” አሉና ወንበራቸውን አምጥተው ከመስኮቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

የመጀመሪያውን እስር አቅፌ አምስት እርምጃ እንደሄድኩ የበሩ መቆለፊያ ጧ አለ። ከዚያ ዝዝዝ የሚል ድምፅ።

“ወረደልሽ!” አሉ።

“ማን ነካው?”

“እኔ እንደሆነ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው።”

እስሩን መልሼ መኪናዋን አስነሳሁ፣ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ቆለፍኩ። እንደገና አቀፍኩ። እንደገና ወረደ። ብናኙም ሰተት ብሎ ገባ። ሽማግሌው ጢማቸውን አሻሹ።

“አንቺ ስታቅፊ ነው የሚከፈተው።”

“እኔ የማቅፈው አንሶላ ነው፣ መስኮት አይደለም።”

“ያየሁትን ነው የምነግርሽ። እስቲ በትከሻሽ ያዢው።”

መስኮቱን እንደገና ዘግቼ፣ ቆልፌ፣ በትከሻዬ ያዝኩት። ምንም የለም። ግቢውን አንድ ዙር ዞርኩ፤ ምንም። አቀፍኩት፤ ዝዝዝ።

“ደረትሽ ላይ ምንድን ነው ያለው?”

“ደረቴ ነዋ፣ አባባ!”

“ሌላስ?”

ሌላስ ሲሉኝ ቆምኩ። ወደ ግድግዳው ዞሬ ቁልፉን አወጣሁት። ጥቁር ራስ አለው፣ ራሱ ላይ ሁለት ነጠብጣብ። ባሌም እኔም በሩን የምንቆልፈው ቀዳዳው ውስጥ አዙረን ስለሆነ እነዚህን ለጌጥ ነበር የማያቸው። አንዱን በአውራ ጣቴ ተጭኜ ያዝኩት። ጧ አለ፣ መስኮቱም የቀረችውን ስንዝር ወረደ።

“የልጄም መኪና እንዲሁ ነው” አሉ ሽማግሌው። “ፀሐይ ሲያቃጥል ከሩቅ ተጭኖ ይዞ ያወርደዋል።”

“ታዲያ እስካሁን አይነግሩኝም?”

“መስኮት ጠብቅ አልሽኝ እንጂ ቁልፍ መቼ አሳየሽኝ?”

ቀና ስል ሲስተር ደጃፉ ላይ ቆማለች። አንሶላ አቅፌ ስመላለስ፣ ሳወርድ፣ ስዞር፣ ሁሉንም አይታለች። መጥታ ጣቷን በመስኮቱ አስገብታ የቀሩትን እስሮች አንድ በአንድ ነካች። ሁለቱ ላይ ጣቷ በሲሚንቶ ነጣ።

“ዛሬ ሐሙስ ነው” አለች።

ምላሴ ላይ ሦስት ሰው ተሰልፎ ነበር፤ ዋርሳዬ፣ ሽቦ፣ ፎቁን የሚሠሩት። ሦስቱም የሚበቃ ጥፋት አላቸው። ሽማግሌው ግን እያዩኝ ነው።

“ጥፋቱ የኔ ነው” አልኩ። በሃያ ሰባት ዓመት ትዳሬ አንዴም ያላልኩት ቃል ስለሆነ ድምፄ ጎረነነብኝ። ቁልፉን የት እንደማኖረው፣ ለምን እንደማኖረው፣ አንሶላው ሲጫነው ምን እንደሚያደርግ ነገርኳት።

አልሳቀችም። እጇን ዘረጋች። “አምጪው።”

“ምኑን?”

“ቁልፉን። አንሶላ አስገብተሽ እስክትጨርሺ እኔ ጋ ይቀመጣል።”

“በትከሻዬ እሸከማለሁ እንጂ እሱን ለማንም አልሰጥም።”

“በትከሻሽ ተሸክመሽ ሊጨማደድ? እኔም እንግዲያው አንሶላዬን ለማንም አልሰጥም።”

እኔ ቆምኩ፣ እሷም ቆመች። ሽማግሌው ወንበራቸውን ይዘው ወደ በራቸው ሄዱ። እንደኔ ያለች እልኸኛ ሴት ከሩቅ አውቃለሁ፤ ከኔ ቀድማ እጇን የምታጥፍ ዓይነት አይደለችም።

ሰጠኋት። “ደረሰኝ ይጻፉልኝ” አልኩ።

የቀልዴን መስሏት ጠበቀች። አልተንቀሳቀስኩም። ከአንሶላ መረከቢያዋ አንድ ቅጠል ቀድዳ ጻፈች፣ ፈረመች። አጥፌ ቁልፉ የነበረበት ቦታ ከተትኩት።

ሁለቱን ንጹሕ እስሮች እንደልቤ አቅፌ አስገባሁ። ሲሚንቶ የነካቸውን ሁለቱን መኪናዋ ውስጥ ተውኳቸው።

“እነዚያን እስከ ስምንት ሰዓት ድጋሚ አጥበሽ ካደረስሽ ሰኞም ትመጫለሽ” አለች ቁልፌን እየመለሰች።

“እስከ ሰባት አደርሳለሁ” አልኳት።

ሰባት ተኩል ላይ ደረስኩ። መንገድ ተዘግቶ ነበር።