የዴልማር ፕሩይት ስህተት

አቶ ኦርቪል ሃገን ለሠላሳ ሁለት ዓመት ሆዳቸውን ሲበላቸው የኖረ አንድ ጉዳይ ነበራቸው። ጉዳዩ በተፈጠረበት ጊዜ የአንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ጋዜጣ የስፖርት ጸሐፊ፣ የከተማው ቡድን ሲጫወት ደግሞ የቤዝቦሉ መዝጋቢ ነበሩ። ኳስ ተመትታ ተከላካዩን ብታልፍ፣ ማንም ሊይዛት የማይችል ኖራ ለመቺው “ምት” ወይስ ሊይዛት ሲገባ አምልጣው ለተከላካዩ “ስህተት” ተብላ ትመዝገብ የሚለውን የሚፈርደው ዳኛው ሳይሆን የእሳቸው እርሳስ ነው።

በነሐሴ 1954 እ.ኤ.አ.፣ በአንድ ጨዋታ ሰባተኛ ዙር፣ በከተማው ቡድን ወርዋሪ በራስቲ ቦከር ላይ እስከዚያች ደቂቃ ማንም ምት አላገኘም፤ አንድም መቺ አላለፈም። ሦስት ሺህ ሰው ትንፋሹን ውጧል። ያኔ አንዲት ኳስ ተመትታ መሬት ለመሬት እየተምዘገዘገች የቡድኑን ተከላካይ የዴልማር ፕሩይትን ጓንት ጫፍ ነካ አድርጋ አለፈች። መልአክም ቢሆን አይይዛትም። አቶ ኦርቪል በደንብ አይተዋል። ግን “ምት” ቢሉ የራስቲ ዜሮ ስለሚፈርስ፣ ያን ሁሉ ሰው ማሳዘን ከበዳቸውና “ስህተት” ብለው ጻፉ።

በማግስቱ ጋዜጣው ላይ ወጣ፤ ራስቲ ሃያ ስምንት መቺ ገጥሞ ዜሮ ምት፣ ዴልማር አንድ ስህተት። የራስቲ ስም በሜዳው ግድግዳ ላይ ተጻፈ። ዴልማር ግን አንድም መቺ ሳያልፍበት ፍጹም ሊሆን የነበረውን የራስቲን ጨዋታ ያበላሸ ተብሎ መሳቂያ ሆነ፤ ወር ሳይሞላው ከቡድኑ ተሰናበተ።

በ1986፣ የጨዋታው ቀን ዞሮ ሲመጣ፣ አቶ ኦርቪል አላስችል ብሏቸው መኪናቸውን አስነስተው ዴልማር ቤት ሄዱ። ትራክተር ሲጠግን አገኙት። እጁን እየጠረገ ወደ ወጥ ቤት አስገባቸውና የፖም ኬክ ቆረሰላቸው። አቶ ኦርቪል ኬኩን ገፋ አድርገው ጀመሩ።

“ዴልማር፣ ያቺ ኳስ...”

“ኧረ ይተዉኝ አቶ ኦርቪል! ዓይኔን ከሷ ነቅዬ ነው ያመለጠችኝ።”

“አልነቀልክም።”

“እርስዎ በምን ያውቃሉ? በየዓመቱ ዛሬን እየጠበቅኩ ራስቲ ጋ ደውዬ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ‘አንተ ወንፊት፣ አሁንም አለህ?’ ይለኛል።” ሳቀ። “ልጄንማ ጓንት እንዳይነካ ከልክዬ ነው ያሳደግኩት። እንደኔ ይዋረድ?”

አቶ ኦርቪል አፈሩ። መሬት ብትውጣቸው በወደዱ ነበር።

“ምት ነበረች፤ ዓይኔ እያየ ነው የጻፍኩብህ። ለጭብጨባው ብዬ አንተን ሸጥኩህ።”

ዴልማር አልጮኸም። ግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ አነሳ፣ ቁጥሩን በቃሉ ደወለና እጀታውን ሰጣቸው።

“ለሱ ይንገሩት።”

“ዴልማር፣ ዘንድሮ ቀደም አልክ!” አለ ራስቲ።

“ኦርቪል ነኝ፣ መዝጋቢው። ራስቲ፣ የሰባተኛው ዙር ኳስ ምት ነበረች።”



“አውቃለሁ” አለ ራስቲ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ያኔውኑ አውቄያለሁ። እንዴ፣ ዴልማር እዚያ ነው?”

ስልኩ አሮጌ ነው፤ ድምፁ ወጥ ቤቱን ሞልቶታል፤ ዴልማርም ሁሉንም ሰምቷል።

“እዚሁ ነው። ዘንድሮ ይቅርታ የምትጠይቀው አንተ ነህ” አሉና አቶ ኦርቪል እጀታውን ለዴልማር ዘረጉለት።

ዴልማር አልተቀበላቸውም። ኮፍያውን አንስቶ ወደ ትራክተሩ ወጣ። አቶ ኦርቪል እጀታውን እንደያዙ ቀሩ፤ ራስቲ ከወዲያ በኩል “ዴልማር? ዴልማር?” እያለ ይጣራል።