ደቂቃ ያልበቃት መድፍ

በረዶው ከጣለ ጀምሮ እስኪቀልጥ ድረስ ኤልደን ተርሎ ከጋራዡ አልወጣም። ጡረታ የወጣ የብረት ሠራተኛ ነው። እጁ ሥራ ሲፈታ አፉ ሥራ ስለሚይዝ፣ ሚስቱ አይዳ ስለ ጋራዡ ቅር ብሏት አያውቅም።

በሚያዝያ መድፍ ይዞ ወጣ። ርዝመቷ አንድ ክንድ ነው። ከላይ ነሐስ፣ ከውስጥ የብረት ቱቦ፣ የግድግዳዋ ውፍረት ከአፏ ስፋት የማያንስ። ጥይት የላትም፤ ባሩድ ብቻ ጎርሳ ትጮኻለች። የኤልደን ሐሳብ የመንደሩ የጀልባ ክለብ የጋዝ ጡሩምባውን ጥሎ የቅዳሜ ውድድሩን በእሷ እንዲያስጀምር ነው። የውድድሩ ኃላፊ ሎርና ፒንከም፣ “አንድ ቅዳሜ እንያት” አለች።

ያን ቅዳሜ ሃያ ሁለት ባለሸራ ጀልባዎች መነሻው ላይ ሲያንዣብቡ፣ አምስት ደቂቃ ሲቀር ኤልደን ለኮሳት። የባሕሩ ወፎች ተበተኑ። ውኃው ዳር ባለው የክለቡ መድረክ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

“አንተ ሰውዬ፣ ጆሮዬን ወሰድከው!” አለች ሎርና፤ ሰዓቷን እያየች። “በል ፍጠን፣ አርባ ሰከንድ አለህ።”

“ለምኑ?”

“ለሁለተኛው ነዋ! አምስት ሲቀር፣ አራት ሲቀር፣ አንድ ሲቀር፣ ከዚያ መነሻው። ሠላሳ ዓመት የተወዳደርከው ጆሮህን ደፍነህ ነው?”

ጆሮውንስ አልደፈነም። የረሳው፣ ጡሩምባ እንደማይጎርስ፣ መድፍ ግን ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ተጠርጎ እንደሚጎርስ ነው።

እርጥብ ጨርቅ የተጠመጠመበትን ዱላ መድፏ አፍ ውስጥ ሰደደ። እንፋሎት ፉሽ አለ።

“ኤልደን፣ እስክትጨርስ ሻይ እናፍላ?” አለ አንዱ ከኋላ።

“ሃያ ሰከንድ!” አለች ሎርና።

የባሩዱ ስፍር እጁ ላይ ነው። ውስጧ አንዲት ፍም ቀርታ እንደሆነስ? የግድግዳዋን ውፍረት በፀጉር ልክ የለካ ሰው፣ ደቂቃዋን አልለካም። የባሩዱን ቆርቆሮ ከደነ።

“አላጎርሳትም። ንፊው።”

ነፋችው። የቀሩት ሦስት ምልክቶች በጡሩምባ አለፉ፤ ጀልባዎቹም ሄዱ። ኤልደን ጆሮው ቀልቶ መድፏን ይወለውላል፤ መቼም ሰው አፍሮ እጁን ባዶ አያደርግም።

ሎርና አጠገቡ ተቀመጠች። “እሷን ጠርጎ ለማጉረስ ስንት ደቂቃ ይበቃሃል?”

“አሥር። ብትነዘንዢኝ አሥራ አምስት።”

“ውድድሩ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ቀድሞ ለገባ አንድ ተኩስ፣ ለተከታዮቹ ጡሩምባ። ትስማማለህ?”

“ላስብበት” አለ ኤልደን። ይህን ሲል ግን ዱላው ላይ አዲስ ጨርቅ እየጠመጠመ ነበር።