የአልጣሽ ስክሪን

ንፋስ መውጫ ውስጥ የሠርግ ጥሪ ካርድ የምናትምባት ክፍል አንድ ኮምፒውተርና ሁለት ስክሪን አላት። አንዱ ስክሪን የኔ፣ ሌላው የአልጣሽ ነበር። ሕጋችን «የጻፈ አያርምም» ነው፤ እኔ የጻፍኩትን እሷ አንብባ ታርመዋለች። ስለዚህ ያለቀ ካርድ ሁሉ በራሱ እሷ ስክሪን ላይ እንዲከፈት አስተካክዬው ነበር።

አልጣሽ አግብታ መካነ ኢየሱስ ከሄደች ወዲህ ይህ እርጉም ማሽን ያበግነኛል። ካርድ በጨረስኩ ቁጥር ባዶ ወንበሯ ፊት ይዘረጋዋል።

«የለችም እኮ! ለማን ነው የምታሳየው?» ብዬ ጮህኩበት።

ዛሬ ጠዋት ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ አጠፋሁት። አሁን ሁሉም ካርድ የሚከፈተው እኔ ፊት ብቻ ነው። የሷ ስክሪን ባዶውን ቀረ።

«እፎይ፣ ተገላገልኩ» አልኩ።

ከዚያ አዜብ የምትባል ሙሽራ ያዘዘችውን ካርድ ጻፍኩ። ደጋግሜ አነበብኩት፤ ምንም ስሕተት አጣሁበት። ላትመው ስል ግን ሕጋችን ትዝ አለኝ። ካርዱን በማውዙ ጎትቼ ወደዚያኛው ስክሪን ወሰድኩትና ተነሥቼ አልጣሽ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እንደሷ ጣቴን በየፊደሉ እያሳለፍኩ አነበብኩ።

ከሙሽራው ስም ቀጥሎ፣ በአዜብ ስም ፈንታ፣ በወርቃማ ቀለም፣ ቁልጭ ብሎ የተጻፈው «አልጣሽ» ነበር።