ኤፕሪል አንድ ቀን እዚህ ቤት የነበሩ

ደግፌ አሰላ ከተማ ሃያ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው። ዲቪ ደርሶት ላስ ቬጋስ ከገባ በኋላ ግን ዳውንታውን አንድ ሆቴል በር ላይ ሴኩሪቲ ሆኖ ቆመ። በ2020 ማርች ላይ ሆቴሉ በኮሮና ሲዘጋ ቤቱ ዋለ። አገር ቤት ሄዶ ያገባት የሻረግም የቪዛ ቀጠሮዋ ስለተሰረዘ እዚያው ቀረች። አንዳንድ ቀን አንድ ቃል ሳይናገር ይውልና፣ የሻረግ ስትደውል ድምፁ ይሻክርበታል። «ታመሃል እንዴ?» ትለዋለች።

ኦገስት ላይ የሕዝብ ቆጠራ ሥራ አገኘ። ቅጽ ሞልተው ያልላኩ ሰዎችን በር እያንኳኩ መጠየቅ ነው። ስልክና ባጅ ሰጡት፤ የሰማውን ለማንም እንዳይናገር አስማሉት። የካሊፎርኒያ ሰደድ እሳት ጭስ ከተማውን ሸፍኖት ነበር። ብዙው ሰው መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ያየውና ተመልሶ ይጠፋል።

በምሥራቁ ሰፈር አንዲት ሽማግሌ ሴት በሩን ከፈቱለት። ኦርቴንሲያ ባካ ይባላሉ፤ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው።

«ደብዳቤያችሁ ደርሶኛል፤ አልከፈትኩትም» አሉት።

«ግድ የለም። ኤፕሪል አንድ ቀን እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖር ነበር?»

«ዛሬን አይደለም የምትጠይቀኝ?»

«አይደለም። ኤፕሪል አንድን ነው።»

«ባለቤቴ ኤሊሴዮ የሞተው ጁላይ ላይ ነው። ሆስፒታል አያስገቡም ነበርና በስልክ ነው የተሰናበትኩት።»

«እንግዲያው እሳቸውም ይቆጠራሉ» አለ ደግፌ። «ደንቡ እንደዚያ ነው።»

ሴትዮዋ የበሩን መቃን ያዙ። ደብዳቤውን ያልከፈቱት የቤቱን ሰው ብዛት «አንድ» ብለው በገዛ እጃቸው መጻፍ አቅቷቸው ነበር። የፕላስቲክ ወንበር በእግራቸው ገፋ አድርገው ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር እንዲቀመጥ ነገሩት፤ እሳቸውም ራቅ ብለው በሩ ላይ ተቀመጡ። የባልየውን ስምና ዕድሜ ፊደል በፊደል አስጻፉት።

«የስፓኒሽ ዝርያ አለዎት?» ሲል ቀጠለ።

«የት ነው የተወለዱት ብለህ ብትጠይቀኝ ይሻል ነበር። ላስ ቬጋስ ነው የተወለድኩት። ይኼኛው አይደለም፤ ኒው ሜክሲኮ ያለው ነው። ከዚህኛው ይበልጣል በዕድሜ።»

ደግፌ ስሙን ያውቀዋል። እንዲህ ያሉትን የስፔን ሰፋሪዎች ከተሞች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ስሏቸዋል፦ መሐል ላይ አደባባይ፣ ከጎኑ ቤተ ክርስቲያን፣ ከወንዙ የተጠለፈ ቦይ፣ ከቦዩ ግራና ቀኝ እንደ መቀነት የረዘሙ ጠባብ ማሳዎች። ለሴትዮዋ በጣቱ አየር ላይ ሣለላቸው።

«ልክ ነህ» አሉ። «ቦዩን ማን እንደቆፈረውስ አስተምረሃል?»

«ሰፋሪዎቹ ብዬ ነበር።»

«የአያቴ አያት ከአገሩ ነባር ሕዝብ፣ የናቫሆ ልጅ ነበረች። ባካዎች በስድስት ዓመቷ ገዟት። ክርስትና አስነሷት፣ ስማቸውን ሰጧት፣ ዶማም ሰጧት። እኔ የገዛትን ሰው ስም ይዤ ነው የምኖረው፤ ደሙም አለብኝ። አሁን የትኛውን ትጽፋለህ?»

ደግፌ ያን ሁሉ ዓመት ለተማሪዎቹ «ሕዝቦች ተቀላቀሉ» ብሎ በአንድ መስመር ነበር ያለፈው። አፈረ።

«የሚሉኝን ነው የምጽፈው» አላቸው።

«ሁለቱንም ጻፍ።»

ሁለቱንም ጻፈ። ሲነሳ፣ «አንተ ቤትስ ስንት ናችሁ?» አሉት።

«አንድ።»

ኦክቶበር ላይ ቆጠራው አለቀ። ስልኩንና ባጁን በመለሰ ማግስት፣ የሰማሁትን ላለመናገር እንጂ ላለመሄድ አልማልኩም ብሎ ራሱን አሳመነና ብርቱካን ይዞ አውቶቡስ ተሳፈረ።

«አሁን ደግሞ ምን ፈለግህ?» አሉት ከበሩ ላይ።

«ምንም። ልጠይቅዎት ነው።»

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ይሄድ ጀመር። እሱ ከዛፉ ሥር፣ እሳቸው በሩ ላይ። የቦዩ ውኃ ለየማሳው በሰዓት እንዴት እንደሚታደል፣ ተራውን ያሳለፈ ሰው ከጎረቤቱ ጋር እንዴት እንደሚኳረፍ ነገሩት። እሱም የአርሲን ተራሮች መሬት ላይ በእንጨት እየጫረ አሳያቸው። የሻረግ ስትደውል ድምፁ አይሻክርም ነበር። ጃንዋሪ ላይ ከሆቴሉ ለግማሽ ሺፍት ሲጠሩት፣ «ሐሙስን ግን አልችልም» አላቸው።

ማርች ላይ የኦርቴንሲያ የወንድም ልጅ ከኒው ሜክሲኮ መጥታ ወሰደቻቸው። ዕቃው ሲጫን ደግፌ አገዘ። ሁለቱም ክትባት ወስደው ስለነበር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ያዙት፤ ትንሽ፣ ሻካራ እጅ ነው።

«ና» አሉት። «አደባባዩን በዓይንህ እይ።»

«እመጣለሁ» አለ። ሁለቱም ያን ያህል አላመኑበትም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ከመኝታው ተነስቶ ለባበሰና አውቶቡስ ላይ ወጣ። ሴትዮዋ ሰፈር ሊደርስ ሁለት ፌርማታ ሲቀረው፣ በሩ ላይ ማንም እንደሌለ አስቦ ወረደ። ፀሐዩ ገና አልበረታም ነበር፤ ወደ ራሱ ቤት በእግሩ ተመለሰ። ሥራ ቦታ ግን ከእንግዲህ ሐሙስንም ልሥራ አላለም።